አንድ ግራም ደብዳቤ

ሰውዬው የድንጋይ ከሰል እያቃጠለ ሙቀቱን የሚለካ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ጋዋኑን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ናሙናው በውሃ በተከበበ ዕቃ ውስጥ የሚቃጠልበት ካሎሪሜትር ፊት ሲቆም፣ ዳኛ ፊት የቀረበ ምስክር ይመስላል። ናሙናውን ከክምሩ ዳር ብቻ ዘግኖ ያመጣለት ሰው ጉዱ ይፈላል። ደግሞ ሳያሰላ አያቃጥልም፤ የውሃው ሙቀት በስንት ዲግሪ እንደሚጨምር አስቀድሞ ይጽፍና፣ ቴርሞሜትሩ ሲስማማለት ብቻ ፊቱ ይፈታል። የጽዳት ሠራተኛዋ በስድስት ዓመት ውስጥ ሌላ ነገር ሲያስቀው አላየችም።

ዛሬ ግን ከደረት ኪሱ እጥፋቱ የሳሳ አሮጌ ደብዳቤ አወጣ። በመቀስ ቆርጦ አንድ ግራም መዘነ።

"ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ደብዳቤ?" አለች የጽዳት ሠራተኛዋ።

"ሠላሳ ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ከሌላ ወረቀት ይለይ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።"

እርሳሱን አወረደ። "አንድ ግራም ወረቀት አሥራ ስድስት ኪሎ ጁል ሙቀት ይሰጣል። ውሃውን ከነዕቃው አንድ ዲግሪ ለማሞቅ አሥር ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ነጥብ ስድስት ዲግሪ።"

አቃጠለው። ሙቀቱ ቀስ እያለ ወጣና፣ ልክ አንድ ነጥብ ስድስት ዲግሪ ጨምሮ ቆመ።

"አየሽ? ተራ ወረቀት ነው" አለ። ፊቱ ግን አልተፈታም።

ጠረጴዛውን ልትወለውል ጠጋ ስትል ደብዳቤውን አየችው። አንድ ፊደል አልጎደለበትም፤ የተቆረጠው ባዶው ጠርዝ ብቻ ነው።

"ታዲያ ጋሼ፣ የተጻፈበትን መች አቃጠሉት?"

ሰውዬው ደብዳቤውን አጥፎ ወደ ደረት ኪሱ መለሰ።

"ናሙና እኮ" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "አንዳንዴ ከዳርም ይወሰዳል።"