አየዮ መኪናዋን ለውድድር ያራቆተ ጊዜ

በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጻፍ የሚችል ሰው ሞልቶ ሳለ እኔ እጄን ማስገባቴ ድፍረት ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር በሚኒባሱ የኋላ መስታወት ላይ፣ በአቧራው፣ በጣቴ ነው፤ እሱንም ዝናብ አጠበው። ደግሞ «እኔ» እያልኩ ለመጻፍ ሞክሬ አፈርኩ። «እኔ» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚያኮራ ነገር ያለው ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከዚህ በታች ራጉኤል የምለው ሰውዬ እኔው ነኝ፤ ግን እንደማታውቁት ሰው አድርጋችሁ አንብቡልኝ። እኔም እንደማላውቀው ሰው ሳደርገው ነው ትንሽ ድፍረት ያገኘሁት።

ራጉኤል ከጅጅጋ ቀብሪበያ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። አያቱ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እሱም ተወልዶ ያደገው ጅጅጋ ነው። ዓይን አፋር ነው። ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰርበታል። መሪ ሲይዝ ግን ጥሩምባው ይናገርለታል። በዚያ መንገድ ላይ ጥሩምባ ቋንቋ ነው፤ አንዴ አጠር ሲል «ሰላም ነው?» ነው፣ ሁለቴ ሲደገም «ወንድሜ፣ ልለፍ?» ነው፣ ረዘም ካለ ለግመል ነው። የፊተኛውን ሳያስፈቅዱ መቅደም እንደ ንቀት ይቆጠራል። ራጉኤል ደግሞ አስፈቅዶም የሚቀድመው ከስንት አንዴ ነው።

ጅጅጋ ውስጥ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱን ወላጅ ያወጣዋል፣ ሌላውን አገር ያወጣዋል። ወላጅ ያወጣውን የሚያስታውስ የለም። ረጅሙን ረጅሙ፣ አንካሳውን አንካሳው ይሉታል፤ ጠሪውም አያፍር፣ ተጠሪውም አይቆጣ። ለመናኸሪያው ሰው ስም የምታወጣው ሻይና ወተት ሻጯ ቢሻሮ ናት። አንድ ቀን ቢሻሮ ከቀብሪበያ የግመል ወተት ገዝታ በራጉኤል ሚኒባስ ተሳፈረች። ራጉኤል ለፍየል ቆመ። ለአህያ ቆመ። አንዲት ግመል መሻገር አለመሻገሯን እስክትወስን ድረስ በትዕግሥት ጠበቃት። ጅጅጋ ሲደርሱ ቢሻሮ ጀሪካኑን ከፍታ አሸተተችና በመናኸሪያው መሃል ጮኸች፦

«ወተቴ መንገድ ላይ ኮመጠጠ! ይሄ ሹፌር አይደለም፣ አየዮ ነው!»

አየዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው፤ ሴቷ አያት። በቃ፣ በዚያው ቀረበት። ተሳፋሪው «አየዮ፣ ወራጅ አለ!» ይላል። ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር «አየዮ፣ መንጃ ፈቃድ!» ይላል። ሚስቱ ሶሲና ገበያ ስትወጣ «የአየዮ ሚስት» ሆነች። እሷ ትስቃለች። እሱ ግን እራት ላይ ጎርሶ ማኘኩን ይረሳል። አንድ ቀን ይህን ስም ከላዩ ላይ ካላራገፈ፣ ሲሞት የለቅሶው ድንኳን ውስጥም «አየዮን ነፍስ ይማር» እንደሚሉት ይታየዋል።

እንግዲህ በ2015 ዓመተ ምሕረት፣ አረፋ ሲቃረብ፣ የከተማው ወጣቶች ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ የመኪና ውድድር አዘጋጀን አሉ። ዙሪያውን በአሮጌ ጎማና በኖራ በተቀባ ድንጋይ ከለሉት። ራጉኤል ይህን ሲሰማ ጓሮው ውስጥ ያለችው ሴሊካ ትዝ አለችው። በላጤነቱ ዘመን ከድንበሩ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ በኩል የመጣች፣ ሁለት በር ያላት፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ፣ አንድ ጊዜ ቀይ የነበረች መኪና ናት። የስፖርት መኪና ይሏታል። ያን ጊዜ ስፖርቷ ዶሮ ማስፈልፈል ነበር።

«እወዳደራለሁ» አላት ለሶሲና።

«ከማን ጋር?»

«ከሰው ጋር።»

«እኔ ደግሞ ከዶሮዎቹ ጋር መስሎኝ» አለች።

ብየዳ የሚሠራው ዐብዲናስር ጓደኛው ነው። ስልኩ ላይ የውድድር መኪና ቪዲዮ ያያል፤ በዚህም አዋቂ ነኝ ይላል። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና «መድኃኒቷ ማቅለል ነው» አለ። «ሞተር መቀየር የሀብታም ነው። ድሃ ያለውን ያራግፋል።»

ማራገፉ ተጀመረ። የኋላ ወንበሩ ወጣ፤ ሶሲና ሳሎን አስገብታ ሶፋ አደረገችው። እንግዳ ሲመጣ እዚያ ላይ ይቀመጣል፤ ተጫዋች የሆነው ቀበቶውን ያስራል። ምንጣፉ ወጣ፣ በር ላይ ተዘረጋ። የጣሪያው ጨርቅ፣ ቴፑ፣ የበሮቹ ልባስ፣ መስኮቶቹ፣ ትርፍ ጎማው፣ ሁሉም ወጣ። ቤቱ መኪና መሰለ፣ መኪናዋ የተዘረፈ ቤት መሰለች። ራጉኤል ራሱ እራት መብላት ተወ። ሶሲና የእራቱን ፓስታ፣ ባስታውን፣ አቅርባ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፦

«ምን ሆነሃል?»

«ክብደት እየቀነስኩ ነው። ለመኪናዋ።»

«እሷ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው አንተ ነህ። ራስህን አውልቅና ትሩጥ ታዲያ!»

አዘጋጆቹ መኪና ብትገለበጥ ሹፌሩ እንዳይጨፈለቅ በውስጧ የብረት ቀፎ ይሠራ ብለው ነበር። አዲስ ቱቦ ከየት ይመጣል? ዐብዲናስር አንድ የሙሽራ አልጋ ነበረው፤ ሠርጉ ፈርሶ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ። እሱን ቆርጦ በየደው። ብረቱ ወፍራምና ጠንካራ ነበር፣ ችግሩ ጌጡ ነው፤ በራጉኤል ራስ ቀኝና ግራ ሁለት የብረት ጽጌረዳ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ልብ።

«ልቡን ቁረጠው እንጂ» አለ ራጉኤል።

«ልቡን ከቆረጥኩት ይላላል። ልብ ያስፈልግሃል፣ ተወው!»

ጎማዎቹ አራቱም ከየመኪናው የተለቀሙ ነበሩ። አዲስ የተገዛው የፍሬን ሸራ ብቻ ነው። ዐብዲናስር ሳቀ፦ «ወርያ፣ ሰው ለመሮጥ ያወጣል፣ አንተ ለመቆም?» ራጉኤል ሸራውን አቀበለው።

በመጨረሻ ዐብዲናስር መፍቻውን ይዞ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ እንዳለ «ጥሩምባውስ?» ሲል ጠየቀ።

ራጉኤል አሰበ። ሜዳው ላይ ፍየል የለ፣ ግመል የለ፣ እግረኛ የለ። «ለማን ይነፋል? አውጣው» አለ። እንደ ብልህ ሰው ራሱን ነቀነቀ እንኳ። ጥሩምባው ወጣ፣ ሽቦው ተቆረጠ፣ በመሪው መሃል ባዶ ጉድጓድ ቀረ።

የውድድሩ ቀን ሜዳው በሰው ተሞላ። ቢሻሮ ፔርሙዝ ይዛ መጥታለች። የመናኸሪያው ሰው በሙሉ አለ። «አየዮ! ጽጌረዳው ለማን ነው?» ይላል አንዱ። «አየዮ ልትዳር ነው!» ይላል ሌላው። ራጉኤል አንገቱን ቀብሮ ገባ።

ባንዲራው ሲወርድ ራጉኤል ባንዲራውን የያዘው ልጅ ከመንገዱ እስኪወጣ ጠበቀ። ሌሎቹ አልጠበቁም። በአቧራው ውስጥ ደርሶ ያገኘው አንድ መኪና ብቻ ነበር፦ የዲሪዬ። ዲሪዬ ዕድሜውን ሙሉ ከባቢሌ ወዲህ ጫት ሲያመላልስ የኖረ፣ ራጉኤል «አዴር» እያለ እንደ አጎት የሚያከብረው ሽማግሌ ሹፌር ነው። መኪናው ከነወንበሩ፣ ከነምንጣፉ፣ ከነትርፍ ጎማው ነው የገባው።

እውነት ለመናገር ሴሊካዋ ቀልላለች። ቀጥ ባለው ላይ እንደ ንብ እየጮኸች ከዲሪዬ መኪና ኋላ ትደርሳለች። ያኔ የራጉኤል እጅ ሳያዘው ወደ መሪው መሃል ይሄዳል። ጉድጓድ። እጁ ይመለሳል። እግሩም ነዳጁን ይለቃል። እንዴት ብሎ ሽማግሌ ሰው ሳያስፈቅድ ይቀድማል? ውድድር እንደሆነ ያውቃል፤ እግሩ ግን አያውቅም። በሁለተኛው ዙርም እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ። አቧራው በሌለው መስኮት ገብቶ ጥርሱን ሞላው። ሕዝቡ በእያንዳንዱ ዙር ይጠብቀዋል፦

«አየዮ! አየዮ! አየዮ!»

በመጨረሻው ዙር ባዶዋ መኪና ውስጥ ያ ስም እንደ ድስት ክዳን እየተንኳኳ ጮኸበት። አሁን ካላለፈ ስሙ ሥር ሊሰድበት ነው። እጁ ጉድጓዱን ሁለቴ መታ። ከዚያ ራጉኤል፣ በሕይወቱ ሰው መሃል ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው፣ ጭንቅላቱን በመስኮቱ አወጣና ጮኸ፦

«ፒፒፕ! ፒፒፕ!»

ዲሪዬ ጠርዝ ያዘ። ስንት ዓመት የለመደ ሰው! ቀኙን ይዞ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ እጁንም በመስኮት አውጥቶ «እለፍ» ብሎ አወዛወዘ። ራጉኤል አለፈ። ሲያልፍም እጁን አንስቶ አመሰገነ። ከዚያ ሁለቱም ምን እንዳደረጉ ገባቸው፤ መስመሩ ግን ደርሶ ነበር። ራጉኤል ከመጨረሻ ሁለተኛ፣ ዲሪዬ መጨረሻ።

ሕዝቡ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። አንደኛ የወጣውን ልጅ ያየው የለም።

አመሻሹ ላይ መናኸሪያው፣ ቢሻሮ ዘንድ፣ ፍርድ ተቀመጠ።

«ሰው መንገድ ሲጠይቅ ይከለከላል እንዴ?» ይላል ዲሪዬ። «ልማድ ነው! ደግ ሰው ነኝ እንጂ ሌላ ምን አጠፋሁ?»

«በአፍ ለተነፋ ጥሩምባ መንገድ የለቀቀው ማነው?» አለች ቢሻሮ። ሻዩን እየቀዳች ቀና እንኳ አላለችም። «እንግዲህ አየዮ አንተ ነህ። ከዚህ ልጅ ላይ ስሙ ወርዷል።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ራጉኤል ፊቱ ቀላ፤ ከደስታ ነው ብሎ አሰበ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ከኋላው «አየዮ!» ሲባል ሰማና ዞረ። እሱን አልነበረም። ዲሪዬን ነው። ዲሪዬ አጠገቡ ደርሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው» አለ። «ቤቴ የት እንደሆነ መናኸሪያ ገብተው ሲጠይቁ፣ የሴት አያት ቤት ብለው ያሳዩዋቸዋል።» ከዚያ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ራጉኤል ጥሩምባ ቢኖረው እንኳ ለዚህ የሚነፋው የትኛው እንደሆነ አያውቅም ነበር። ሠፈሩ እስኪደርስ የጠራው ሰው የለም። ራጉኤል የሚባል ሰው መኖሩን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ እንዴት ብለው ይጥሩት? ቤት ገብቶ የመኪናው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሶሲና «አሸነፍክ አሉ፤ ምነው ታዲያ የተሸነፈ መሰልክ?» አለችው። ነገራት። እሷም «አየዮ ብሎ እኮ ማንም ክፉ አልተናገረህም» አለችና ባስታውን አቀረበች። ያን ቀን ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ተራው ሳይደርስ፣ ቢሻሮ ዘንድ ሄዶ ቆመ። ሰው ነበር። አንገቱ ድረስ ላብ አጠመቀው።

«ኤዶ ቢሻሮ» አለ፤ ኤዶ ለአክስት ነው። «ስሜን ይመልሱልኝ።»

«የቱን ስም?»

«ያንኑ።»

«ስንት ዓመት ስታኮርፍበት ኖረህ አሁን? ስም ጃኬት ነው እንዴ፣ ሲሞቅህ አውልቀህ ሲበርድህ የምትለብሰው?»

«እኔን ለምዶኛል። አዴር ዲሪዬን አይሆናቸውም፤ ይሰፋቸዋል።»

ሰው ሊስቅ ጀምሮ ነበር። ቢሻሮ እጇን አነሳች፣ ዝም አሉ። ራጉኤልን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ ጫቱን ሲያራግፍ ወደነበረው ወደ ዲሪዬ ዞራ፦ «ዲሪዬ! ና ሻይ ጠጣ!» ብላ ጮኸች። በስሙ። ዲሪዬ ቀና አለ፤ ማን እንደጠራውና በምን እንደጠራው ገብቶት መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ።

«አንተም ጠጣ፣ አየዮ» አለችው ራጉኤልን። «ተራህ ደርሷል።»

«አቤት» አለ፤ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። ሻዩን ቆሞ ጠጣና ሚኒባሱን ጭኖ ወደ ቀብሪበያ ወጣ። ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ፣ የሚነዳው አየዮ ነውና፣ ከተማውን ሳይጨርሱ እንቅልፍ ወሰደው።