የዋቢው ገደል ሽርሽር

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ሜሮን ከአዲስ አበባ መጣችና ገና ቁጭ ሳትል ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «አክስትዬ፣ እዪው እስቲ! ጢቾ አጠገብ እንዲህ ያለ ቦታ እያለ አንድም ቀን አልነገርሽንም?» መነጽሬን ፈልጌ አየሁት። ቀይና ቡናማ ገደል፣ ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነ ወንዝ። በላዩ ላይ በደማቅ ፊደል የአንድ ቀን ጉዞ፣ አነስተኛ ቡድን፣ አስጎብኚ አለ፣ ምሳ ይጨምራል ይላል። ቅዳሜ አብሬያቸው እንድሄድ ነው የፈለገችው፤ መኪናው እስከ አፋፉ ስለሚደርስ አልደክምም።

«እኔ ሄጄበታለሁ» አልኳት።

«መቼ?»

«አባትሽ አፍንጫውን መጥረግ ሳይማር።»

ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁና ምን ልሠራ እንደገባሁ ጠፍቶኝ ቆምኩ። ያን ቀን ለልጆቼ እንኳ በወጉ አውርቼላቸው አላውቅም። እርጅና ግን ምላስ ይፈታል መሰለኝ፣ ለእሷ ነገርኳት።

ያኔ አሰላ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሃያን ገና መሻገሬ ነው፤ ቀጭን፣ ምላሴ ከራሴ የረዘመ። አያቶቼ ከመንዝ ይምጡ እንጂ እኔ ሁሩታ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል ነው የምናገረው። እንግሊዝኛዬ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ግን የተሻለ ስላልተገኘ የውጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አንቺ ተነሽ» ነው። በዚያ ጥቅምት ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ባልና ሚስት መጡ። ባል ድንጋይ ያጠናል፣ ሚስት ሳርና ቅጠል። የዋቢ ገደል ፓርክ ይሁን ተብሎ ስለታሰበ አንድ ቀን ዞር ዞር ብለው እንዲያዩት ነበር የታዘዘው። እኔ ልተረጉም፣ ጋሽ ወርቁ ሊነዳ፣ ጓድ በቀለ ደግሞ ሊጠብቀን። ከማን እንደሚጠብቀን አልተነገረንም። በቀለ የዚያው የጢቾ አካባቢ ልጅ ነው፤ የወጣት ካድሬ ሆኖ ካኪ ለበሰ እንጂ ሰውን በጋሼና በእትዬ እየጠራ ያደገ፣ መልከ መልካም ልጅ ነበር። እንዲያውም ልቤን ትንሽ ሳብ ሳያደርገው አልቀረም። ወይ ልጅነት!

ጎሕ ሲቀድ ተነሳን። ጭላሎ ጉም ተከናንቦ ቆሞ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከሳጉሬ ወዲያ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተኝቷል፤ ሌሊቱን ያለ ወቅቱ የጣለው ዝናብ አጋድሞታል። በየመንገዱ ዳር በመንደር ምሥረታ የተሰበሰበው ሰው ጎጆዎች ለሰልፍ እንደቆሙ ተደርድረዋል። የእኛ ጂፕ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጎረምሶቹ ከየደጁ እየዘለሉ ገብሱ ውስጥ ይጠልቃሉ። ሚስትየዋ በመስኮት እጇን እያውለበለበች «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለችኝ። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ መኪና ማለት አፈሳ እንደሆነ እንዴት አድርጌ ልንገራት? «ድብብቆሽ ነው» አልኳት። ጋሽ ወርቁ በመስታወቱ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

መሪያችን ኦቦ ከድር አፋፉ ላይ ይጠብቁን ነበር። ረጅም፣ ጥቁር፣ ጺማቸው ነጭ የጣለበት ሰው ናቸው። ጨውና እህል በአህያ ጭነው ያን ገደል ሲወጡና ሲወርዱ ነው ያረጁት። ሚስታቸው ከገብስ ዱቄት በቅቤ ያሸችውን ጭኮ በሰፌድ ሸፍነው ይዘዋል። ባልና ሚስቱ ፎቶ ሲያነሱ፣ በቀለም ከጋሽ ወርቁ ጋር ሲያወራ፣ ሽማግሌው እኔን ወደ ግራር ጥላ ጎትት አደረጉኝ።

«ኢንተላኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ኦሮምኛ ትሰሚያለሽ አሉ።»

«እሰማለሁ ኦቦ ከድር።»

«እንግዶችሽ ዋሻ ይወዳሉ?»

«ሰውየው ድንጋይ ካየ አያልፍም።»

ዓይናቸውን ከበቀለ ጀርባ ሳይነቅሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከወንዙ በስተግራ ካለው ዋሻ ልጄ አለ። አማን ይባላል። ክረምቱን እዚያ ነው የገፋው። ወንድሞቹን ቀብሬያቸዋለሁ፤ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ዛሬ ሰው እንደሚወርድ ነግሬዋለሁ፤ የፈለገ ነገር ቢመጣ ድምፅህን እንዳታሰማ ብዬዋለሁ። አንቺ ብቻ ሰዎቹን ወደ ቀኝ ያዥልኝ።»

«ለኔ መንገርዎ አያስፈራዎትም?»

«ባልነግርሽ ሳታውቂ ትወስጃቸው የለ?» አሉኝ።

የወጣሁት ለሽርሽር ነው፤ ነጠላ ጫማዬን በሸራ ጫማ ለውጬ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ። አሁን የሰው ልጅ ነፍስ ምላሴ ላይ ተቀምጣለች።

ቁልቁለቱን ያዝነው። አገሩስ ያምራል፣ ምን ይዋሻል። ከላይ ብርድ ሲቆርጠን እንዳልነበረ፣ በወረድን ቁጥር አየሩ እየሞቀ፣ የገብሱ ሽታ በግራርና በእርጥብ አፈር ሽታ እየተተካ ሄደ። ገደሉ እንደ ድርብርብ አንባሻ ንጣፍ በንጣፍ ነው። ሚስትየዋ በየአበባው ትንበረከካለች፤ እኔም «ወደ ቀኝ ከዚህ የሚበልጥ አበባ አለ» እያልኩ እቀደዳለሁ። ባልየው ዋሻ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ የሌሊት ወፍና ቁንጫ የሞላበት ነው አልኩት። በሆዴ ሥላሴን እለማመናለሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ መተላለፊያው ጠበበ። በአንድ ወገን የገደሉ ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ባዶ አየር ነው። የተጫነ አህያ ብቻውን ነው የሚያልፍበት፤ ሁለት ከተገናኙ አንዱ ገደል ይገባል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ያን ጥግ ከመዞሩ በፊት «ከራ!» ብሎ ይጣራል፤ መንገድ ማለት ነው። ከማዶ ሆነ ከታች፣ መንገዱ የሚታየው ማንም ሰው መመለስ አለበት፤ የሚወጣ ካለ ወይም አደጋ ካለ «ቁም!» ይላል። መልስ ካልመጣ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። ደም የተቃባ ሰው እንኳ ለባለደሙ ይመልሳል ይባላል። እያየ ዝም ያለ ሰው በእጁ እንደገደለ ነው የሚቆጠረው። ኋላ ነው ይህን ሁሉ በደንብ የተረዳሁት።

ኦቦ ከድር ሳይጣሩ ሊያልፉ እግራቸውን አነሱ።

«ኦቦ ከድር፣ ሳይጣሩ?» አለ በቀለ ከኋላቸው።

«ዛሬ ገበያ ነው፤ ማን ይኖራል ብለህ ነው» አሉ ሳይዞሩ።

በቀለ ትንሽ አያቸው። «እኔም እኮ እዚሁ ነው ያደግሁት» አለና እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ከራ!» ብሎ ተጣራ። ገደሉ ድምፁን ተቀባብሎ ወሰደው። መልስ የለም። ተመስገን አልኩ። ሽማግሌው ቢስሚላህ ብለው ጥጉን ሊዞሩ ሲሉ፣ በቀለም ተረከዛቸውን ሊረግጥ ሲደርስ፣ ከማዶ አንድ ድምፅ አየሩን ሰነጠቀው።

«አባ! ቁሙ! አባ፣ አትርገጡ!»

በኦሮምኛ ነው። ሁላችንም ባለንበት ደረቅን። ኦቦ ከድር የገደሉን ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በእምብርክካቸው ተጠግተው ጥጉን አጮልቀው አዩና ወደ ኋላ ተመለሱ። ከጥጉ ወዲያ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። የሌሊቱ ዝናብ ቦርቡሮ ጥሎት፣ ላዩ ላይ የቀረው የአፈር ልሳን ብቻ ነው። ከእኛ ወገን ሆኖ ለሚያየው ግን ደህና ይመስላል። በቀለም ሄዶ አየ። ሲመለስ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እረኛ ነው መሰለኝ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«እረኛ ኦቦ ከድርን አባ አይላቸውም» አለ በቀለ ቀና ሳይል።

ሽማግሌው አልዋሹም። «ልጄ ነው» አሉ። «አማን ነው። አብራችሁ ነው ከብት የጠበቃችሁት። ጓድ በቀለ፣ አሁን አንተም እኔም በሕይወት ያለነው በሱ አፍ ነው።»

«አውቃለሁ አባቴ።»

«እንግዲያው አልሰማንም በል።»

«በማርያም ይዤሃለሁ» አልኩት እኔም። «ነጮቹ ምንም አልገባቸውም። ጋሽ ወርቁ እላይ መኪናው ጋ ቀርቷል። ማን ይናገራል?»

በቀለ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። ዓይኑ ደም መስሏል። «የቀበሌያችን ኮታ አልሞላም» አለ። «በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ካልተገኘ ታናሼን ነው የሚወስዱት። ትናንት ጠርተው ነገሩኝ። ገና ልጅ ነው እኮ፤ እናቴ ትሞትብኛለች።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ይጥሩት ኦቦ ከድር። አሁን ካልመጣ ነገ ወታደር ወርዶ እንደ ጅብ ከዋሻው ይገድለዋል። ይህን ያውቃሉ።»

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው። ሚስትየዋ ይኼን ጊዜ እጄን ይዛ ትጠይቀኛለች። መንገዱ መፍረሱንና አንድ ልጅ ጮኾ እንዳዳነን ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ይምጣ እንጂ! ጥሩት፣ እናመስግነው!» አለች። እኔ ምን ብዬ ልተርጉም? አልተረጎምኩም። ኦቦ ከድር ግን ረጅም ጊዜ ማዶውን ሲያዩ ቆዩና በራሳቸው አፍ ተጣሩ። «አማን፣ ኮቱ» አሉ። ና ማለት ነው። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ገደሉ ግን አደረሰው።

በሌላ በኩል ባለ የፍየል መንገድ እየተንጠላጠለ መጣ። የእኔው እኩያ ነው። ከስቷል፣ ፀጉሩ ተንጨባሯል፣ ጭስና የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። በቅድሚያ የአባቱን እጅ ሳመ። ቀጥሎ ሁላችንንም በየተራ፣ ሳይቸኩል፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ፣ ዝናቡ እንዴት ነው እያለ ሰላም አለን። በቀለንም እንዲሁ። በቀለ እጁን ሰጠውና መልሶ መውሰድ አቃተው። ሚስትየዋ የአንገቷን ልብስ አውልቃ አማን አንገት ላይ አሰረችለት፤ ባልየው ፎቶ አነሳቸው። አማን ለፎቶው ፈገግ አለ። ጥርሱ ነጭ ነበር።

ከዚያ ምሳ በላን። ይኼ ነው ዛሬም የሚያመኝ፤ ተቀምጠን ምሳ በላን። ሽማግሌው «እንግዳ ሳይበላ አይሄድም» ብለው ጭኮውን ከፈቱት። አማን በደንብ በላ። በቀለ አንዴ ጎርሶ መዋጥ አቃተውና ዞር ብሎ ተፋው። እኔም እንባዬን ከጭኮው ጋር ዋጥኩት።

ስንመለስ አማን ጂፑ ውስጥ በእኔና በበቀለ መካከል ተቀመጠ። እንግዶቹ ወደ ከተማ ልንሸኘው መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠው በቋንቋቸው ይዘፍናሉ። አባቱ አፋፉ ላይ ቀሩ። ጢቾ ላይ በቀለና አማን ወረዱ። መኪናው ሲነሳ ጋሽ ወርቁ «አይ፣ ለሰው ሞት አነሰው» አለ።

አማን ሰሜን ዘመተ፤ አልተመለሰም። የበቀለ ታናሽም በሚቀጥለው ዙር ተወሰደ፤ እሱም አልተመለሰም። ገደሉ ያኔ ፓርክ ሳይሆን ቀረ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ኦቦ ከድርን አንድ ጊዜ አገኘኋቸው፤ ዓይናቸውን ሊታከሙ አሰላ መጥተው። ቤቴ ወስጄ አሳደርኳቸው። ላጽናናቸው ብዬ «ምን ዓይነት የተባረከ ልጅ ነበር» አልኳቸው። ቀና ብለው ተቆጡኝ። «ምኑ ነው የተባረከው? ድምፅህን እንዳታሰማ ብዬው ነበር። እኔ የምሄድበት ቀን ነበር፤ ቀማኝ። አባት ቀድሞ ይሄዳል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር የት ታይቷል? እስከ ዛሬ አልታረቅሁትም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልኖሩም።

ሜሮን ስልኳን ፊቱን ወደ ታች ደፍታ ስትሰማኝ ቆየች። «ታዲያ ቅዳሜ ልቅር?» አለችኝ። ኧረ ወዲያ፣ ሂጂ አልኳት። ገደሉ ምን አደረገ? እኔ ያን ቀን ጥጉን ለመዞር ሦስተኛ ነበርኩ፤ ከሽማግሌው፣ ከበቀለ ቀጥሎ። ከዚያ በኋላ ባል አገባሁ፣ አራት ወለድኩ፣ የልጅ ልጅ አየሁ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ ይኸው ስኳርና ደም ግፊት እስኪይዘኝ ኖርኩ። ሰው ዕድሜ ሰጠሽ ብሎ ሲመርቀኝ አሜን እላለሁ። በሆዴ ግን ዕድሜው የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የአማን ነው፣ እኔ ነኝ የኖርኩለት።