ባለሜትሩ ያለበሰው ተዳፋት

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስሙን ትቶ «ባለሜትሩ» ነበር የሚለው። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሲሰፋ የመለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። አንዴ በእህቱ ልጅ ሰርግ ላይ ከረባቱን አስሮ፣ ሜትሩን ከላይ ጣል አድርጎ ተገኝቶ ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ስቀውበታል። ሱቁ ከሚኖርበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር ነበረች፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ረጅም መስታወት። ደንበኛው ገና በር ላይ ሳለ የትኛው ትከሻው ዝቅ እንደሚል በዓይኑ ለክቶ ይጨርስ ነበር።

የከዳው ያው ዓይኑ ነው። መጀመሪያ በጎን በኩል ያለውን ማየት አቃተውና መንገድ ላይ ከሰው ጋር ይጋጭ ጀመር። ክር ማስገባት ሲቸግረው የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። ሐኪሟ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገረችው፤ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ማቆም ይቻል እንደነበርም አልደበቀችውም። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር የተረፈው ነገር አልነበረም። ሱቁን ለቀቀ፤ የስፌት መኪናውን የወሰደው ሌላ ልብስ ሰፊ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው፣ ከበረንዳው በር አጠገብ ካለ ወንበር አልተነሳም ማለት ይቻላል። ባለቤቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነች። ጠዋት ቁርሱን አቅርባ፣ ሬዲዮውን ከፍታለት ትወጣለች። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ሬዲዮውም እዚያው ጣቢያ ላይ፣ እሱም እዚያው ወንበር ላይ ነው። እንዴት ዋልክ ስትለው «ዋልኩ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይወጣውም። የድሮ ደንበኞቹ ለወጉ ያህል ብቅ እያሉ ትንሽ አጫወቱት። ወሬያቸው መልስ ሲያጣ ግን አንድ በአንድ ቀሩ።

ያልቀረችው ታላቅ እህቱ ነበረች። ከከተማው ዳር ባለ ችግኝ ጣቢያ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራች፣ እጇ የሻከረ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ ታቹ በምስማር የተበሳሳ አሮጌ ሳፋ ይዛ ገባችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። እጁንም ይዛ ሳፋው ውስጥ አሳረፈችው። ጣቶቹ ቀዝቃዛ፣ ድፍን ድፍን ያሉ ቅጠሎች አገኙ፤ አንዳንዱ እንደ ሩዝ ፍሬ የደቀቀ፣ አንዳንዱ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የከበበ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አላት።

«ውሃ ቋጣሪ ነው የምንለው። ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ድርቅ አይበግረውም። ወደ ላይ አያድግም፣ መሬት ለመሬት እየሄደ አፈሩን ይሸፍናል።»

«እትዬ፣ እና እኔ ምን ላደርገው ነው?»

«ምንም አታደርገውም። ውሃ እንዳታበዛበት ብቻ።»

እሱ ግን ሌላ ሥራ አልነበረውም። ጠዋት አጠጣው፣ ከሰዓትም አጠጣው። በሦስተኛው ሳምንት ጣቱን ሲሰድ ቅጠሉ ልክ እንደ ሳሙና ተሟሟ፤ ግንዱም በእጁ ላይ ቀረ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው ያን ቀን ነው። ባለቤቱ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና አየችው። መጠጋቱንም መመለሱንም አልቻለችም፤ ፎጣዋን ይዛ እዚያው ቆመች።

እህቱ ስትመጣ አልተቆጣችውም። በቀን ስንት ጊዜ እንዳጠጣው ጠየቀችው፤ ነገራት። «ጠግቦ ነው የሞተው» አለችና ሳፋውን ደፍታ እንደገና ጀመረች። ግማሹ አፈር ግማሹ አሸዋ እንዲሆን፣ ከታች ጠጠር እንዲነጠፍ፣ የተቆረጠው ቅንጣቢ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ እንዲቀመጥና ከዚያ አፈሩ ላይ ጋደም እንዲል በእጁ እያስነካች አሳየችው። ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰክቶ አፈሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ እንዲያጠጣ፣ ሲያጠጣም በታች እስኪንጠባጠብ አጠጥቶ እንዲረሳው ነገረችው። የተጠማ ቅጠል ይሸበሸባል፣ የጠገበ ይወጠራል። በሠላሳ ዓመት ጥጥን ከሱፍ፣ ሱፍን ከሐር በመዳሰስ ብቻ ሲለዩ የኖሩት ጣቶች ይህን ለመማር ወር አልፈጀባቸውም።

በዓመቱ በረንዳው ሞላ። የቀለም ጣሳ፣ የተሰነጠቀ የእጅ መታጠቢያ፣ የድሮ ሱቁ መሳቢያዎች ሳይቀሩ አረንጓዴ ለበሱ። ባለቤቱ የታጠበ ልብስ የምታሰጣበት ቦታ ስታጣ፣ ከእንግዲህ አንሶላውን አንተው ላይ ነው የማሰጣው አለችው።

ያኔ ዝናብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ጠፍቶ ነበር። ሕንፃው ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ፤ በጎማ አትክልት ማጠጣትም ተከለከለ። በሕንፃው መግቢያና በመንገዱ መካከል ባለው ተዳፋት ላይ የነበረው ሣር ነዶ አለቀ። ነፋስ ሲነሳ አቧራው እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። አልፎ አልፎ ዶፍ ሲጥል ደግሞ አፈሩ እየተናደ ደረጃው ላይ ይከመራል። በማግስቱ ዘበኛው እያጉረመረመ በአካፋ ሲዝቅ፣ ባለሜትሩ ከበረንዳው ሆኖ ይሰማል።

አንድ ጠዋት በአንድ እጁ ከበረንዳው የቆረጠውን ቅንጣቢ በከረጢት፣ በሌላው የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ብቻውን ወረደ። ዘበኛውን ከችካል ችካል ሲባጎ እንዲወጥርለት ለመነው።

«ጋሼ፣ ይሄ መሬት እኮ ሣር እንኳ አልያዘም» አለው ዘበኛው።

«ሣር ውሃ ይፈልጋላ።»

ተንበርክኮ፣ በግራ እጁ ሲባጎውን እየተከተለ፣ በየስንዝሩ አንድ አንድ ቅንጣቢ አስተኛ። አንዱ መስመር ሲያልቅ ዘበኛው ችካሉን ዝቅ ያደርግለታል። ባለቤቱ ከሥራ ስትመለስ ያገኘችው እንዲህ አፈር በአፈር ሆኖ፣ መንገደኛው ቆሞ ሲያየው ነው። ክንዱን ይዛ አስገባችው። በሩንም ከኋላቸው ዘጋች።

«ሰው ምን ይላል? ሚስቱ ነች ሜዳ ላይ እንዲድህ የለቀቀችው ነው የሚሉኝ።»

«ይበሉ። እኔ እንደሆን ፊታቸውን አላይ።»

«እኔ ግን አያለሁ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ዕቃ ስቀመጥ ማንም ምንም አላለም። አንቺም አላልሽም። ዛሬ ተንበርክኬ ስሠራ ነው ያፈርሽብኝ?»

ያን ዕለት ተኮራርፈው ራታቸውን በሉ። በማግስቱ ሱሪውን ሲያነሳ ሁለቱ ጉልበቶች ላይ ወፈር ያለ ነገር ዳሰሰ። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣ ሰፍታበታለች። ባሏ ልብስ ሰፊ ስለነበር በዕድሜዋ መርፌ ጨብጣ የማታውቅ ሴት ናት፤ ስፌቱ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ይረግጣል። ጣቱን መስመሩ ላይ አስኪዶ፣

«ይሄን ማን ሰፋው?» አላት።

«ዝም ብለህ ልበስ።»

ሳቀ። የሳቁን ድምፅ እንኳ ረስታው ነበር።

ለአምስት ወር ያህል ተዳፋቱ ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። ከሥር ግን ሥር እየሰደደ ኖሮ፣ በስድስተኛው ወር አንዱ ቅንጣቢ ከጎረቤቱ ጋር እየተገናኘ ይሄድ ጀመር። እህቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የት የት እንደሳሳ ትነግረዋለች፤ እሱ እየሄደ ይሞላል። የዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ ድምፅዋ እየደከመ፣ ደረጃው ላይ ለመቀመጥም እየተንገላታች መጣች። እንዳይሰጋ ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ሕመሟን የነገረችው ሐኪም ቤት ከመተኛቷ አንድ ሳምንት በፊት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሊጠይቃት ሲሄድ ስለ ራሷ አላወራችም። በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው ጥግ ጥላ ስለሚበዛበት ውሃ እንዲቀንስለት አሳሰበችው። በወሩ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሳሳውን ቦታ የሚነግረው ሰው አጣ። ቅዳሜ ሲሆን ወደ ታች መውረድ ተወ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ አንድ ጠዋት የቁፋሮ ማሽን ጓራ። አዲስ የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ መስመሩ ተዳፋቱን መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። ባለሜትሩ በቤት ጫማው ወርዶ ከማሽኑ ፊት ቆመ። የሠራተኞቹ አለቃ ሞተሩን አስጠፍቶ ቀረበው።

«አባቴ፣ የቧንቧው መስመር የተለካው በዚህ በኩል ነው። እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው።»

«አልከለክልህም። እስክነቅለው ጊዜ ስጠኝ።»

አለቃው ተዳፋቱን አየ፣ ሰውየውን አየ፤ ሠራተኞቹን ምሳ በጊዜ እንዲበሉ አሰናበታቸው።

ባለሜትሩ ተንበርክኮ ጣቶቹን ከሥር እየሰደደ ምንጣፍ እንደሚገለብጥ ሰው አረንጓዴውን ይገሽልጠው ጀመር። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ወቅት ስለነበር ባለቤቱ ቤት ነበረች። የቤት ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር ወረደችና አጠገቡ ተንበረከከች። እሱ የገሸለጠውን ተቀብላ ባልዲ ውስጥ ታስቀምጣለች። ዘበኛው ጋሪ አመጣ። ከሦስተኛ ፎቅ አንዷ ጎረቤት ሳፋ ይዛ ወረደች፤ ሌሎቹም ድስት፣ ካርቶን፣ የሕፃን መታጠቢያ ይዘው ተከተሉ። አለቃው ተመልሶ ሲመጣ መስመሩ ባዶ ነበር።

አርባ ቀን ያህል ውሃ ቋጣሪው በአሥራ አራት በረንዳ ላይ ተበትኖ ኖረ። ባለሜትሩ በየቀኑ ደረጃውን እየወጣ በር ያንኳኳል። ቅጠሉን ዳስሶ ይሄ ደህና ነው፣ ያ ተጠምቷል ይላል። በጡረታ ላይ ያሉት የአራተኛ ፎቅ መምህር ከማዘናቸው የተነሳ ጧት ማታ አጠጥተው ገድለውት አገኛቸው፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነው ያደረግኩት አላቸውና ቁጭ ብሎ አጫወታቸው። ከዓይኑ መጥፋት ወዲህ የሰው ቤት ገብቶ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር።

ቧንቧው ተቀብሮ አፈሩ ሲመለስ ሁሉም የያዘውን ይዞ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ተዳፋቱ ጠባሳው እንኳ የማይታወቅ ሆነ።

አሁን ባለሜትሩ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከማዶ ያለው ሕንፃም፣ የዓይን ሐኪም ቤቱም ግቢያቸውን እንዲያለብስላቸው ጠይቀውት ሠርቶላቸዋል። ባለቤቱ ጡረታ ወጥታ ሲባጎውን የምትወጥርለት እሷ ሆናለች። ሲያብብ ቀለሙን ትነግረዋለች፤ አንዳንዴ ሮዝና ቢጫውን እያምታታች ታበሽቀዋለች፣ እሱም እያወቀ ይቀበላታል። ሁሉም ቀን ግን እንደዚያ አይደለም። እህቱ ትዝ ስትለው፣ ወይም ያለ ምንም ምክንያት፣ ከአልጋው መውረድ የሚያቅተው ጊዜ አለ። ባለቤቱ አትነዘንዘውም። ምሳውን ታቀርብለታለች፣ የትኛው ጥግ እንደደረቀ አይታም ለዚያች ቀን ራሷ ታጠጣዋለች።