ለጥቂት የወጣችው ኳስ

ኮሌጅ ሳለሁ እኛ የለንደን ሐበሾች የኳስ ቡድን ነበረን። የየጨዋታውን ዘገባ በአማርኛ እየጻፍኩ ለወላጆች በኢሜይል የምልከው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ኬንቲሽ ታውን የሚኖሩት የአጥቂያችን እናት ደወሉልኝ።

«የተከላካያችሁ ኳስ ለጥቂት ወጣች፣ የእኔ ልጅ ግን ሳተ? ምን በድሎሽ ነው?»

ተናደድኩ። ዘገባውን መልሼ ሳየው ግን እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ማንም ይምታት፣ የትም ትሂድ፣ ግብ ያልሆነች ኳስ ሁሉ «ለጥቂት» ወጣች። እናቶች ሁሉ ሰላም ሆኑ።

ክላፋም ሰፈር የተጫወትን ዕለት እናቴም ልታይ መጣች። በቡድኑ የሚጫወተው ወንድሜ ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ ኳሷን በአጥሩ ላይ አሻግሮ የሚያልፍ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አሳረፋት። አውቶቡሱም ይዟት ሄደ። እኔ ሕጌን አክብሬ «ለጥቂት ወጣችበት» ብዬ ጻፍኩ። እናቴም አነበበችው።

በሳምንቱ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ለሦስተኛ ጊዜ ወደቅኩ። ቤት ስገባ እናቴ «እህ፣ እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

«ለጥቂት» አልኳት።

«እንደ ወንድምሽ ኳስ ነው?»