ቀና የማይሉት ሴትዮ

ሽመላዎች ወደ ሐይቁ በሚመለሱበት በየጸደዩ፣ አንዲት አሮጊት ሰፊ የወንድ ካፖርት ለብሰው፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ መሬት መሬት እያዩ ከሚኒባስ ይወርዳሉ። ሻይ ሻጩ ሼቭኬት ስማቸውን እንኳ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ቆራጥ ሰው ግን አይቶ አያውቅም። የመንደሩ ሰው ሁሉ አንጋጦ ነው የሚውለው፤ የዓመቱን የመጀመሪያ ሽመላ ሲበር ያየ፣ ዓመቱን በጉዞ ያሳልፋል፤ ሽመላው ቆሞ ሳለ ያየው ግን ዓመቱን ሙሉ ከቤቱ አይነቃነቅም ይባላላ።

«እትዬ፣ ቀና ይበሉ እንጂ! ሰማዩን ሞልተውታል!» አላቸው ዘንድሮም።

«ዝም በል አንተ! ልጆቼ ከተማ ሊወስዱኝ ሻንጣዬን ሸክፈዋል፤ በራሪ ካየሁማ አለቀልኝ!»

ቀና ያሉት ዛፍ ላይ ካለው የሽመላ ጎጆ ሥር ሲደርሱ ነው። ሽመላው በአንድ እግሩ ቆሟል። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በራ። ወዲያው ወፉ ክንፉን ዘርግቶ ተነሣ።

«በል ሂድ» አሉት፣ ካፖርቱን ደረታቸው ላይ ሰብሰብ እያደረጉ። «እኔ የትም አልሄድም።»