እናቴ የለቀመችው ፍሬ

አስፋልቱ ሞያሌ በደረሰበት ዓመት ሥራዬ የጥርኝ ዓይነ ምድር መሰብሰብ ነበር። አማርኛ ለላም እበት፣ ለፍየል በጠጥ፣ ለዶሮ ኩስ እያለ ለየብቻ ስም አውጥቷል፤ ለጥርኝ የሚሆነውን ግን ፈልጌ አላገኘሁም። ከምሰበስብበት ከኦቦ የሚመልሰኝ የቦዳ ቦዳ ሞተር ሾፌር በዚህ ተቸግሮ አያውቅም።

«ዛሬስ ስንት ኪሎ አር ጫንክብኝ?» ይለኛል ሞተሩን እያስነሳ። «ነገ ሙሽራ ነው የማመላልሰው፤ ወንበሩን ታጥበዋለህ።»

«በወረቀት ታሽጓል» እለዋለሁ።

«ሙሽራዋ ስትጠይቀኝ እንደዚያ እላታለሁ።»

ሥራውን የሰጠችኝ ከናይሮቢ የመጣች ተመራማሪ ነበረች። የዱር እንስሳት ፍሬ እየበሉ ዘሩን ወዴት እንደሚያደርሱት ታጠናለች። ሰፈሩ ዳክታሪ ይላታል፤ እናቴም ሐኪም መስላት በመጀመሪያው ቀን የሚያማትን ጉልበቷን አሳይታት ነበር። እኔ ትምህርቴን ከፎርም ቱ አቋርጬ፣ የቀረውን እጄ የገባውን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተምሬአለሁ። ከቤታችን በስተጀርባ ያለው ቁርቁራ መቼ እንደሚያብብ፣ መቼ እንደሚበስል፣ ማን መጥቶ እንደሚበላው ሁለት ዓመት ሙሉ በደብተር ጽፌ ነበር። ዳክታሪ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። የእንግሊዝኛዬን ስህተት አላረመችም። «ያላየኸውን ጽፈህ ታውቃለህ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። «በቃ፣ ሰኞ እንጀምራለን» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝግታዬን ለሥራ የፈለገው ሰው አልነበረም።

ጥርኝ ሥጋ በል ይባላል። ቁርቁራ ሲበስል ግን ከዛፉ ሥር የወደቀውን ፍሬ ሲለቅም ያድራል፤ አንበጣውንም ሺ እግሩንም አብሮ ይበላል። ደግሞ ባገኘበት ቦታ አይጸዳዳም፤ የለመደው ሥፍራ አለው። ኦቦ ቁልቁለት ላይ ከአንድ ግራር ሥር እየተመለሰ የከመረው ክምር ነበር፤ ከዛፉ ተለይቶ የተጓዘው ፍሬ እዚያ ይወርዳል። ዳክታሪ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ በጥርኝ ሆድ ካለፈው ፍሬ ምን ያህሉ በሕይወት ይወጣል? ለዚህ መልስ ደህናውም፣ የተሰበረውም፣ የነቀዘውም እኩል መቆጠር አለበት። አንዱ ከጎደለ ቆጠራው ዋጋ የለውም።

ያገኘሁትን በየከረጢቱ አድርጌ ቁጥር እጽፍበታለሁ፤ ቤት ወስጄ እዘፈዝፈዋለሁ፤ በወንፊት አጥቤ ፍሬውን በሳህን ላይ በጥላ አደርቀዋለሁ። ዳክታሪ ውሃው እንደተንጠፈጠፈ መቁጠር እንደምችል ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ሦስት ቀን ተከታትዬ መዝኜው ክብደቱ ካልረጋ አልቆጥርም የሚል ደንብ ለራሴ አውጥቼ ነበር። ስለዚህ የቀበሮ ዱካ ልንከታተል ለሦስት ቀን ወደ ጎልቦ ቆላ ስንወርድ፣ አሥራ አንድ ሳህን ፍሬ ሳይቆጠር ማንያታ ሰፈር ቤታችን ውስጥ ቀረ።

እናቴ ምስር ትሸጣለች። እኔ ሳልወለድ ድንበሩን ተሻግራ፣ በስደተኛነት ተመዝግባ ኖራ፣ ሌሎቹ ሲመለሱ እሷ እዚሁ ቀረች። «የሷ ምስር ሳይለቀም ድስት ይገባል» ይባልላታል፤ ከድንበሩ ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ደጃችን ድረስ ይመጡላታል። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እንኳ በሰው ሰፌድ ላይ ጠጠር ካየች እጇ አያርፍም።

ከጎልቦ ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ና እስቲ እይ» አለች።

ሳህኖቹ በግድግዳው ጥግ በየተራቸው ተደርድረዋል። ቁጥሮቹን አልነካችም፤ አንዱን ካንዱ አልቀላቀለችም። እያንዳንዱን ለብቻው አበጥራ፣ ለቅማ፣ የተሰበረውንና የነቀዘውን አውጥታ፣ ደህናውን ብቻ ወደ ሳህኑ መልሳዋለች። ፍሬው እንደ ዶቃ ያምራል።

«ሁለት ቀን ፈጀብኝ» አለች። «ዓይንህን ልታጠፋ ነበር በዚህ ነገር። አሁን ፈልገህ አንድ የነቀዘ ካገኘህ ምን አለች በለኝ።»

«ያወጣሽውስ የት አለ፣ እማ?»

«ከከሰሉ ጋር ጂኮ ውስጥ ጨመርኩት። እንዴት ያለ እሳት አለው መሰለህ!»

ምድጃው ውስጥ አመድ ብቻ ነበር። «እግዜር ይስጥሽ» አልኳት። እሷም ይህንኑ ስትጠብቅ ነበርና ደስ ብሏት የምጠጣው ውሃ ልታመጣልኝ ገባች።

በዚያው ሳምንት ኦቦ ላይ ዘነበ። ሄጄ የግራሩን ሥር አየሁት፤ ጎርፉ ጠርጎ ወስዶታል። እንደገና የሚሰበሰብ ነገር የለም፤ ዳክታሪም ልትሄድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። በፊት ከቆጠርኳቸው ከረጢቶች ተነስቼ ስንቱ ተሰብሮ፣ ስንቱ ነቅዞ እንደነበር መገመት እችል ነበር። እርሳስ አነሳሁ። በቆጠራው ደብተር፣ በመጀመሪያው ሳህን መስመር ላይ፣ «የተሰበረ» ከሚለው ሥር አንድ ቁጥር ጻፍኩ። እውነት ይመስላል። እስከ ምሳ ሰዓት ሳየው ቆይቼ አጠፋሁት። ላጲሱ ወረቀቱን ላጠው።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ ለዳክታሪ ነገርኳት። እናቴን ግን አላነሳሁም። እናቴ የምትኮራበት ነገር ቢኖር የእጇ ጥራት ነው፤ ያንን ጥራት ማንም ጥፋት ብሎ እንዲጽፍባት አልፈለግሁም።

«የለቀምኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ለማጽዳት ብዬ ነው።»

ዳክታሪ ደብተሯን አውጥታ ከአሥራ አንዱ መስመሮች ጎን «ረዳቱ በስህተት ለቅሞታል» ብላ ጻፈች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አስቀድመህ ከቆጠርካቸው አንዱን ከረጢት ነገ አውጣልኝ» አለች። «እቤት መጥቼ፣ እነዚያን እንደለቀምካቸው አድርገህ ፊቴ ትለቅመዋለህ። ምን ምን እንደምትጥል ካየሁ የጠፋው ምን ዓይነት እንደሆነ ቢያንስ አውቃለሁ።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መጣች። እናቴ ሻሂ በወተት ቀዳችላትና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ሰፌዱን ይዤ ተቀመጥኩ። ምስር መልቀም አልተማርኩም፤ አንዷን ፍሬ ሳገላብጥ ደንበኛ እየተሰላቸ ይሄድ ስለነበር እናቴ ገና በልጅነቴ ከልክላኛለች። ሰፌዱን ላበጥር ብዬ ከፍ ሳደርገው ደህናው ፍሬ ሁሉ መሬት ፈሰሰ። አጎንብሼ ለቃቀምኩት። ከዚያ አንዷን ፍሬ አንስቼ ወደ ብርሃኑ አድርጌ አየኋት። ዳክታሪ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

«ምንድን ነው የምትሠራው?» አለች እናቴ ከጓዳው በር ላይ።

«እየለቀምኩ ነው።»

«ይሄ መልቀም ነው? ዶሮ ይሻላል።» መጥታ ሰፌዱን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ያኔ አሥራ አንዱን ሳህን የለቀምኩልህ እንዲህ አድርጌ ነው?»

ወደ ዳክታሪ ዞረችና በገበያ ስዋሂሊዋ፣ ያልሞላላትን በጣቶቿ እያሟላች፣ አሥራ አንዱንም ሳህን ያጸዳችው እሷ እንደሆነች ነገረቻት። ሳትቸኩል፣ በኩራት ነው የነገረቻት።

ዳክታሪ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ምን ሆናችኋል?» አለች እናቴ። «አንተ፣ ንገረኝ።»

ነገርኳት። የተሰበረውም የነቀዘውም ለምን እንደሚፈለግ፣ ዝናቡ ቦታውን እንደጠረገው፣ ደብተሩ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ያቃጠልኩት ነዋ የሚፈለገው» አለች።

«እሱም፣ እማ። ሁሉም አንድ ላይ።»

«እና አንተ እኔ ነኝ አልክ።»

«እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

«በኔ ሥራ ላይ ያንተ ስም ምን ይሠራል?» ድምፅዋ አልከረረም። «ያጠፋው የኔ እጅ ነው። ስንት ዘመን የሠራ እጅ አንዴ ቢያጠፋ አይሞትም። አንተ ግን ይቺን ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየህ ነው የዋሸሃት።» ትንሽ ቆይታ «የኔ አባት» አለችና በመዳፏ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ።

ከዚያ የዳክታሪን ደብተር በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «አንዲካ» አለቻት፤ ጻፊ ማለቷ ነው። ደረቷን ነካች። «ሚሚ። እኔ።»

ዳክታሪ ስለ እኔ የጻፈችውን ሰረዘችው። ከሥሩ ስትጽፍ ቆይታ ጮክ ብላ አነበበችው፤ እኔም ለእናቴ ተረጎምኩላት፦ «እናቱ፣ ምስር እንደሚለቀም አድርጋ ለቅማዋለች።»

«እውነት ነው» አለች እናቴ።

ዳክታሪ ወደ እኔ ዞራ ዝግ ባለ እንግሊዝኛ «አሥራ አንዱ ሳህን ከጥናቱ ይወጣል» አለችኝ። «እሱ ያሳዝናል እንጂ በሥራ ላይ ይደርሳል። አንተ የነገርከኝ ውሸት ግን ሌላ ነው። አሁን ከመጀመሪያው ጀምሮ የቆጠርከውን ሁሉ እንደገና መቁጠር አለብኝ።»

«ገብቶኛል» አልኳት።

«አብረን ነው የምንቆጥረው። ሁለት ሳምንት ይበቃናል።»

ታባርረኛለች ብዬ ስጠብቅ ስለነበር «አብረን» ያለችው እስኪገባኝ ድረስ ቆየሁ። እናቴ ምን እንዳለችኝ ጠየቀችኝና ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች። ሰፌዱን አስተካክላ ያዘች።

እንደዚያን ቀን ቀስ ብላ ስትለቅም አይቻት አላውቅም። የመጀመሪያውን የነቀዘ ፍሬ ስታገኝ እጇ እንደለመደው ወደ ደጅ ሊወረውረው ተነሳና አየር ላይ ቆመ። ዳክታሪ የቀረችውን ሻሂ ጭልጥ አድርጋ፣ ኩባያውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ዘረጋችላት። ፍሬው ኩባያው ውስጥ ወደቀ።

«የነቀዘ፣ አንድ» አልኩና ጻፍኩ።