የጉድጓዱ በላተኛ

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «እትዬ ሾርባ» ይላታል። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። በውሃ መመርመሪያው ላቦራቶሪ ምድር ቤት፣ መስኮቷ ከጣራው ጥግ በሆነች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለባክቴሪያ ምግብ ታበስላለች። ቀጭኑን ሾርባ ትለዋለች። ወፍራሙን በክብ የብርጭቆ ሳህን አፍስሳ እስኪረጋ ትጠብቃለች።

«አንድ ቀን እንኳ ለሰው ብታበስይ ምን አለ?» ይላታል ዘበኛው።

«ሰው ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ይላል። የኔዎቹ ያቀረብኩላቸውን በልተው ዝም ነው።»

ከምትመግባቸው ሁሉ የምትሳሳው ለአንዲት ዘር ነው። ታላቅ እህቷ እዚያው ላቦራቶሪ ስትሠራ እትዬ ሾርባ ዛሬም ከምትኖርበት ከወላጆቻቸው ግቢ ጉድጓድ ለይታ ያወጣቻት ባክቴሪያ ናት። ሰው አትጎዳም፤ ለምርመራ ማነጻጸሪያ ታገለግላለች። እህትየዋ ከሞተች ወዲህ እትዬ ሾርባ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከአሮጌው ሳህን በሽቦ ጫፍ ቆንጥራ ወደ አዲሱ ታሻግራታለች። መጠባበቂያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ተቃጥሎ አብሮ ሄደ። አሁን ከእጇ ካመለጠች ሌላ የትም የለችም።

እህቷ ልትሞት ሰሞን ሆዷ ክብ ብሎ፣ ጉንጯ ሞልቶ ነበር። ጎረቤቱ «እሰይ፣ በሰላም ተገላገይ» ይላት ነበር። ውስጧ የነበረው ግን ልጅ አልነበረም። እትዬ ሾርባ ይህን ለማንም አታወራም።

አንድ ሐሙስ የቧንቧው ውሃ ጠፋ፤ የእንፋሎት ማምከኛውም ተበላሽቶ ነበር። ዘሯን ሳታሻግር መዋል አልሆነላትም። ከቤት በጄሪካን የጉድጓድ ውሃ አመጣችና በረቂቁ ማጣሪያ አሳለፈችው። ማጣሪያው ባክቴሪያ አያሳልፍም፤ ይህን ከዳይሬክተሩ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ሁሉም ያምናል። በዚያ ውሃ ዘሯን በጥብጣ ሳህኖቹ ላይ ቀባቻት።

በማግስቱ ሳህኖቹ እንደ ወትሮው ስስ የወተት ቆዳ የመሰለ ነገር ለብሰው ነበር። ቀናት አልፈው መሐላቸው ላይ የመርፌ ራስ የምታህል ቀዳዳ ወጣች። ስታድር ምስር አከለች። ስትሰነብት የሸሚዝ ቁልፍ ሆነች። ሳህኖቹ ሁሉ ተበስተዋል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ ልጇ የሚሆን ወጣት ነው። አንዱን ሳህን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላበጠው።

«መጀመሪያ ባክቴሪያ የሚገድል ቫይረስ መስሎኝ ነበር» አለ። «የቫይረስ ቀዳዳ ግን ቶሎ ይወጣና ባለበት ይቆማል። ይሄ ይሰፋል። እትዬ፣ ይምጡና ይዩ።»

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። ዘሯ እንደ አጫጭር እንጨት ተኝታለች። በመሐል አንዲት እጅግ ቀጭን ጭረት ውር ውር ትላለች፤ ዓይን አይከተላትም። ድንገት ከአንዷ ጋር ተላተመችና ቀጥ አለች።

«ተጣበቀች» አለች እትዬ ሾርባ።

«ልትገባ ነው። እሷም ባክቴሪያ ናት፤ ባክቴሪያ በል ባክቴሪያ። ቅጥነቷ ነው በማጣሪያው ያሾለካት። ግድግዳውን በስታ ትገባና ቀዳዳውን ከኋላዋ ትደፍነዋለች።»

«በሩን ዘግታ ነው የምትበላው በሉኛ።»

«ዘግታ ነው።»

ከምሳ በኋላ ተመልሳ አየች። የተገባባት እንጨትነቷ ቀርቶ ድቡልቡል ብላለች። ከውጭ ላያት ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም ተስማምቷታል። ውስጧ ግን አንድ ክር ተጠቅልሎ ይረዝማል። ክሩ ቆይቶ ተቆራረጠ። ቁርጥራጮቹ አንድ በአንድ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ከዚያ ድቡልቡሏ ተቀደደችና ሁሉም ውር ውር እያሉ ወጡ። የቀረው ባዶ ልባስ ነው።

እትዬ ሾርባ ቀና ብላ መነጽሯን ጠረገች። ንጹሕ ነበር፤ ደግማ ጠረገችው።

«ውሃውን ከየት አመጡት?» አለ ዶክተሩ።

«ከቤት ጉድጓድ።»

«ዘሯስ የወጣችው?»

«ከዚያው።»

«እንግዲህ በላተኛዋም እዚያው ነበረች ማለት ነው» አለ። «እህትዎ ለያይተዋቸው ነበር።»

እሷ ደግሞ በጄሪካን ተሸክማ አገናኘቻቸው። ይህን አላላትም፤ መናገርም አላስፈለገውም።

ሳህኖቹ ሁሉ ይቃጠሉ አለ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ያልተነካ አለ፣ አንድ ዕድል ስጡኝ አለችው። ፈቀደላት። ከጠርዙ እየቆነጠረች ደረቅ ሳህን ላይ በስሱ፣ አራርቃ ቀባችው፤ በላተኛዋ ካልዋኘች ጎረቤት አትደርስም። ከዚያ መጠበቅ ነው። ቀዳዳ ዘግይቶ ስለሚወጣ ዛሬ ደህና የሆነ ነገ ደህና አይደለም። ጠዋት ጠዋት ሳህኖቹን ወደ መስኮቱ ታነሳለች፤ የተበሳውን ወደ እሳት ትልካለች። አንድ ሳህን ቀረ። እሱን ወደ አዲስ አሻገረችው። ደጋግማ አሻገረችው። አልተበሳም።

ይዛው ወደ ዶክተሩ ወጣች።

«ተርፋለች።»

«ጎበዝ» አለ፤ ግን ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። «ለማነጻጸሪያ ከእንግዲህ አትሆንም፣ እትዬ። አንዴ ተነክታለች፣ ማንም አያምናትም። ዝም ብዬ ላስቀምጣት አልችልም።»

«ታዲያ?»

«በላተኛዋን ተመራማሪዎች ይፈልጓታል። ሌሎቹን ዘሮች ሰጥቻት ነበር፣ እንደዚህችኛዋ አልተስማሟትም። ለእሷ ምግብ ትሁን ካሉ ዘሯን ማስቀመጥ እችላለሁ።»

እትዬ ሾርባ ሳህኑን አየችው። ሙሉ ነበር፤ ለስልሶ ነጥቶ።

«ይሁን» አለች።

ሐሙስ ሐሙስ አሁን ሁለት ሥራ አላት። ግማሹን ወደ አዲስ ሳህን ታሻግራለች። ግማሹን ጠርሙስ ውስጥ በጥብጣ በላተኛዋን ትጨምርበታለች። ጠርሙሱ ሲዘጋ ድፍርስ ነው። በማግስቱ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ፣ የጠማው ሰው የሚያነሳው ዓይነት ሆኖ ታገኘዋለች። የቤቷን ጉድጓድ በቆርቆሮ ከድናዋለች።

አንድ ጠዋት ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ጠርሙሱን አየው።

«እትዬ ሾርባ፣ ዛሬስ ሾርባሽ ውሃ ሆኗል።»

«አልሆነም» አለችው ክዳኑን እያጠበቀች። «በልተው ጨርሰው ነው።»